ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሽቦ፦ የኤሌክትሪክ መኪና በቤት ሶኬት ስለ መሙላት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥራ የምተዳደር የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ፤ ሥራዬ ከመራዊ እስከ ደብረ ማርቆስ ባሉት ከተሞች ያመላልሰኛል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በምጠራባቸው ግቢዎች በተደጋጋሚ የማየው አንድ ጉዳይ ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ በኋላ አዲስ አውቶሞቢል ለመግዛት የሚያስብ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በኤሌክትሪክ በሚሠራው ላይ ሆኗል፤ የቤንዚን ወረፋውም ብዙውን ሰው ወደዚያው ገፍቶታል። መኪናው ወደ ጎጃም ከተሞች የመጣው ግን ቤቶቻችን ሳይዘጋጁለት ነው። ሰዉ መኪናውን ወደ ግቢ ያስገባና አብሮት የመጣውን ገመድ ዘርግቶ በረንዳው ላይ ባገኘው ሶኬት ይሰካዋል፤ አረንጓዴው መብራት ከበራለት ሁሉ ነገር ደኅና ነው ብሎ ይተኛል። ሌላው ደግሞ ወሬ ሰምቶ በቤት ሶኬት መሙላት ቤትን ለእሳት መስጠት ነው ብሎ ስለሚፈራ መኪናውን ሸጦ ለመገላገል ያስባል።

እኔ በየቤቱ ካየሁት ተነሥቼ የምለው እንዲህ ነው። በቤት ሶኬት መኪና መሙላት ይቻላል፤ አምራቾቹም ተንቀሳቃሹን ገመድ ያዘጋጁት ይህንኑ አስበው ነው። የሚቻለው ግን ሶኬቱ ለዚሁ ሥራ ተብሎ ለብቻው በተሳበ መስመር ላይ ሲሆን፣ የመሬት ሽቦው የእውነት ከመሬት ጋር የተገናኘ ሲሆን፣ የሚሳበውም አምፔር መስመሩ ሌሊቱን ሙሉ ሊሸከመው በሚችለው ልክ ሲወሰን ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ጉዳቱ በዚያው ሌሊት ላይታይ ይችላል፤ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ግድግዳው ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ሰውም ትናንት ምንም አልሆነም ብሎ ዛሬም ያንኑ ይደግማል።

ደንበኞቼ ዘወትር የሚያቀርቡልኝ መከራከሪያ ምጣድ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ መኪና ከገዛ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ አንዲት እናት «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ምጣዴን የቻለ ሶኬት መኪና እንዴት ያቅተዋል?» ብለው ጠይቀውኛል። የአስተዋይ ሰው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሲስብ፣ ባለ 10 አምፔሩ የመኪና ገመድ በ220 ቮልት የሚስበው 2.2 ኪሎዋት ብቻ ነው። በዚህ ስሌት ምጣዱ ይበልጣል። ነገር ግን ምጣድ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በአንድ ጊዜም ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ተሠርቶበት ይጠፋል፤ ሽቦውም ሶኬቱም ይበርዳሉ። ጋጋሪዋም አጠገቡ ስለሆኑ የሚሸት ነገር ቢኖር ወዲያው ያጠፉታል። መኪናው ያንን 10 አምፔር አንድ ጊዜም ሳይለቅ ለብዙ ሰዓታት ይስባል፤ የሚስበውም ቤተሰቡ በተኛበት ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ማንም በማያየው የግቢ ጥግ ነው። ባትሪው 44.9 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘውን ቢዋይዲ ዶልፊን የተባለ የኤሌክትሪክ መኪና ብንወስድ፣ ከ20 በመቶ ተነሥቶ 80 በመቶ ለመድረስ 27 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ በመሙላት ሂደት የሚባክነው ሲታከልበት በባለ 10 አምፔር ገመድ 14 ሰዓት ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። በማብሰያ ቤት ውስጥ ይህን ያህል ሰዓት በሙሉ ጉልበቱ ሳያርፍ የሚሠራ ዕቃ የለንም፤ የግድግዳ ሶኬቶቻችንም ሲገጠሙ እንዲህ ያለ ሸክም ይመጣባቸዋል ተብሎ አልታሰበም።

የሰዓቱ ርዝመት ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ በጥቂት ስሌት ላስረዳ። በልኩ የተመረጠ ሽቦ ርዝመቱን ሙሉ ብዙም አይሞቅም፤ የሚሞቀው ስፒናው ሶኬቱን በሚነካበት፣ ሽቦውም በብሎን በሚታሰርበት ነጥብ ላይ ነው። ብሎኑ ላልቶ በመገናኛው ላይ ፍሰቱን የሚያግድ የ0.1 ኦም ተቃውሞ ቢፈጠር፣ 10 አምፔር ሲያልፍበት 10 ዋት ሙቀት ያመነጫል። አምፔሩ ወደ 16 ከፍ ሲል ሙቀቱ 25.6 ዋት ይሆናል፤ የሚያድገው አምፔሩ በራሱ እየተባዛ ነውና። 10 ዋት ለአምፖል ምንም አይደለም፤ ከአንዲት የሽንብራ ፍሬ በማትበልጥ ነጥብ ላይ፣ ነፋስ በማይደርስበት ፕላስቲክ ውስጥ ሌሊቱን ሲጠራቀም ግን ፕላስቲኩን ያለሰልሳል፣ ስፒናውን ጨብጦ የሚይዘውን የብረት ምላስም ያላላል። የላላው ምላስ ተቃውሞውን ያሳድጋል፤ ያደገው ተቃውሞ ደግሞ በማግሥቱ ሌሊት የባሰ ሙቀት ያመጣል።

ብዙ ሰው ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ብሬከሩ ይወድቃል ብሎ ይተማመናል። ብሬከር የሚቆጣጠረው በሽቦው የሚያልፈውን አምፔር እንጂ መገናኛው ላይ ያለውን ሙቀት አይደለም። 10 አምፔር ለባለ 16 አምፔር ብሬከር ጤነኛ ሥራ ስለሆነ፣ ሶኬቱ እየቀለጠም ቢሆን ብሬከሩ በቦታው ይቆያል።

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ ውስጥ የከፈትሁት አንድ ሶኬት ለዚህ በቂ ማሳያ ነው። ባለቤቱ የጠሩኝ መኪናው ሌሊት ላይ መሙላቱን እያቋረጠ አስቸግሯቸው ነው እንጂ ሶኬቱ ተበላሽቷል ብለው አልነበረም። ከውጭ ሲታይ ከቀኙ ቀዳዳ ዙሪያ ትንሽ ቢጫ ከመሆኑ በቀር ምንም ነገር የለውም። ሽፋኑን ሳነሣው ግን ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት የፌዙ ሽቦ ብሎን በጣት የሚዞር ሆኖ ላልቷል፤ የሽቦው ልባስ ሁለት ጣት ያህል ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ አረፋ አውጥቶ ረግቷል፤ ከስፒናው ሁለት እግሮች አንደኛው ጠቁሯል። መስመሩን ስከተለው ሽቦው ከመብራት የተቀጠለ ባለ 1.5 (ውፍረቱ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር) ሆኖ አገኘሁት። ማከፋፈያው ላይ የተገጠመለት ብሬከር ደግሞ ባለ 25 አምፔር ነው፤ የመጀመሪያው ብሬከር መኪናውና ምጣዱ አብረው ሲሠሩ እየወደቀ ስላስቸገረ፣ የተጠራው ሠራተኛ ትልቅ ቀይሮ ሄዷል። ትልቁ ብሬከር አልወደቀም፤ ቀጭኑ ሽቦ ግን የሚጠብቀው ነገር አጥቷል። ሽቦው ያለፈው በእንጨትና በጭቃ በተሠራው ግድግዳ ውስጥ ነው፤ ግድግዳውን ተደግፎ ለበግ የተከማቸ ድርቆሽ ነበር። እኒህን አባት ያተረፋቸው መኪናው ራሱ የቮልቴጁን መውረድ ዐውቆ ማቋረጡ ብቻ ነው።

ስለዚህ ደንበኞቼን መጀመሪያ የምጠይቃቸው አዲስ መስመር ነው። ከማከፋፈያው ተነሥቶ በቀጥታ መኪናው እስከሚቆምበት የሚደርስ፣ በመሐል ላይ መብራትም ሆነ ሌላ ሶኬት ያልተቀጠለበት፣ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ያስፈልጋል። ለ10 አምፔር ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ ይበቃል፤ ግቢው ሰፊ ሆኖ ርቀቱ 20 እና 30 ሜትር ከሆነ፣ ወይም ባለ 16 አምፔር ገመድ ከታሰበ፣ ባለ 4 ማድረጉ የተሻለ ነው። ገበያው ላይ ከላይ መዳብ የተለበጠ፣ ውስጡ ግን አልሙኒየም የሆነ ርካሽ ሽቦ አለ፤ ጫፉን በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት ነጭ ብረት ይወጣል። ይህ ሽቦ የጥሩ መዳብን ያህል አይሸከምም፤ ብሎን ሥርም እየተጨፈለቀ በራሱ ጊዜ ይላላል፤ ለዚህ ሥራ ጨርሶ መግባት የለበትም። ሶኬቱ በላዩ 16 አምፔር ተብሎ የተጻፈበት፣ ስፒናውን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ይሁን። የተንቀሳቃሹ ገመድ መቆጣጠሪያ ሣጥን ከባድ ስለሆነ ከሶኬቱ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይጎትተው ግድግዳው ላይ ማንጠልጠያ ይምቱለት። ይህች ትንሽ ነገር የምትመስል ማንጠልጠያ የብዙ ሶኬቶችን ዕድሜ ታረዝማለች።

የአስማሚው ጉዳይ ለብቻው መነሣት አለበት። ወደ አገራችን ከገቡት መኪኖች ብዙዎቹ በቻይና ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ገመዳቸው ጫፍ ላይ ያለው ስፒና ሦስት ጠፍጣፋ እግሮች አሉት፤ የእኛ ሶኬት ደግሞ ለሁለት ድቡልቡል እግር የተሠራ ነው። በዚህ ምክንያት ሰዉ ከየሱቁ ለስልክና ለጢም መላጫ የተሠራ ትንሽ አስማሚ ገዝቶ በመሐል ያስገባል። ይህ አስማሚ ሁለት በደል አለው፤ ውስጡ ያለው ስስ ቆርቆሮ 10 አምፔርን ለረጅም ሰዓት አይችልም፣ በብዙዎቹ ላይ ደግሞ የመሬት ሽቦው መገናኛ ከነአካቴው የለም። ዲቫይደርም እንዲሁ ነው። ተጠቅልሎ እንዳለ የሚሠራበት የጥቅል ገመድ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ መሐሉ ይቀልጣል። አንዳንድ ሠራተኛ መፍትሔ ብሎ የቻይናውን ስፒና ቆርጦ የእኛን ይገጥምለታል፤ እኔ ይህንንም አልደግፍም፤ ምክንያቱም በአንዳንዱ ገመድ ስፒና ውስጥ ሙቀት ሲበዛ ኃይሉን የሚቀንስ መለኪያ ተቀብሯል፣ ስፒናው ሲቆረጥ ያ መለኪያ አብሮ ይጠፋል። የሚሻለው ስፒናውን እንዳለ ትቶ፣ በአዲሱ መስመር ጫፍ ላይ ለእርሱ የሚስማማ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ሶኬት መግጠም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስጋቴ ልምጣ፤ እርሱም የመሬት ሽቦ ነው። በከተሞቻችን የሚገኙ ብዙ ቤቶች፣ በተለይ የቆዩትና እየተቀጠሉ የተሠሩት፣ ሶኬታቸው የመሬት መገናኛ ቢኖረውም ከኋላው የተገናኘ ሽቦ የላቸውም፤ ሽቦው ቢኖርም ማከፋፈያው ድረስ መጥቶ እዚያው ተቆርጦ ይገኛል። የመኪናው መቆጣጠሪያ ሣጥን ይህን መርምሮ ስለሚያውቅ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል። ይህ ቀይ መብራት ሰውን ለማዳን የተሠራ ነው። ሆኖም በየቦታው የማየው ሣጥኑን የማታለል ሥራ ነው፤ በስፒናው ወይም በሶኬቱ ውስጥ የመሬቱን መገናኛ በአጭር ሽቦ ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ፣ ከኒውትራሉ ጋር ያገናኙታል፤ ሣጥኑም መሬት ያገኘ መስሎት አረንጓዴ ያበራል፤ ባለቤቱም ችግሩ ተፈታ ብሎ ሠራተኛውን አመስግኖ ይሸኛል።

ምን እንደተደረገ እንመልከት። የመኪናው አካል፣ በሩና መያዣው ጭምር፣ በመሬቱ ሽቦ በኩል ከኒውትራሉ ጋር ተያይዟል። ኒውትራሉ ከቆጣሪው ወይም ከምሰሶው ላይ ላልቶ የተቋረጠ ዕለት፣ በቤቱ ውስጥ በበራው አምፖልና በተሰካው ፍሪጅ በኩል የሚመጣው ቮልቴጅ የመኪናው ብረት ላይ ይቆማል። ከዚህም የቀረበ አደጋ አለ። የእኛ ባለ ሁለት ድቡልቡል እግር ስፒና ተገልብጦም ይሰካል፤ ማገናኛው ሽቦ በስፒናው ወይም በአስማሚው ውስጥ ከሆነ፣ በተገለበጠበት ቅጽበት የመኪናው አካል ከፌዙ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። መኪናው በጎማ ላይ ስለቆመ ምንም ምልክት አይሰጥም፤ ብሬከሩም አይወድቅም። በማለዳ፣ ዝናብ ባረጠበው ግቢ ላይ ቆሞ በሩን የሚከፍተው ሰው፣ ወይም መኪናውን ተደግፎ የሚጫወተው ልጅ ነው አደጋው የሚያገኘው። ይህን ሥራ በሙያ ባልደረቦቼ እጅ ሲሠራ ስለማይ በጣም ያሳዝነኛል፤ ማንም ባለቤት ቢለምንም፣ ዋጋ ቢጨምርም መሠራት የለበትም።

የእውነተኛው መሬት ሥራ ከባድ አይደለም። ግቢው ውስጥ እርጥበት በማይጠፋበት ቦታ የመዳብ ዘንግ በጥልቀት ይመታል፣ ከእርሱ የሚነሣው ሽቦ ማከፋፈያው ላይ ካለው የመሬት ማሰሪያ ጋር ይገናኛል፣ ውጤቱም በመሣሪያ ይለካል። መለካቱ እንዳይቀር አደራ እላለሁ፤ በመረሬ አፈራችን ክረምት ላይ ጥሩ የተገኘ ውጤት፣ በበጋ መሬቱ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ሊበላሽ ይችላል። ለዚህም ነው ዘንጉ ብቻውን የማይበቃው። የመሬቱ ተቃውሞ 100 ኦም ደርሷል እንበል፤ ፌዝ ከመኪናው አካል ጋር ቢነካካ ወደ መሬት የሚሄደው 2.2 አምፔር ብቻ ስለሆነ፣ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ምንም አይሰማውም። ሰው ለመግደል ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ይበቃል። ባለሙያዎች አር ሲ ዲ የምንለው መቁረጫ ግን በፌዝ የሄደው በኒውትራል መመለሱን ዘወትር ያመሳክራል፤ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ወደ ሌላ ቦታ ሲያፈተልክ ካየ ከዐይን ጥቅሻ በፊት ያቋርጣል። ለመኪና የሚገዛው ቢያንስ «ኤ» የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ተራው «ኤሲ» የሚባለው ከመኪና ቻርጀር ሊመጣ የሚችለውን ዓይነት ፍሳሽ በትክክል ላያውቅ ይችላል። በላዩ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ ተጭኖ መውደቁን ማየት የባለቤቱ ሥራ ነው።

ስለ አምፔሩም አንድ ነገር ልጨምር። መኪናው ምን ያህል እንዲስብ የሚነግረው ያ የገመዱ ሣጥን ነው፤ ሣጥኑ ደግሞ የሚያውቀው ራሱን እንጂ ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ሽቦ አይደለም። ባለ 16 አምፔር ሣጥን ባለ 1.5 ሽቦ ላይ ቢሰካ ያለ ይሉኝታ 16 አምፔር ሳብ ይላል። ስለዚህ ወሳኙ ባለቤቱ ነው። ብዙ ሣጥኖች ላይ 6፣ 8፣ 10፣ 13 እየተባለ የሚመረጥበት ቁልፍ አለ፤ በሌሎቹ ደግሞ ከመኪናው ስክሪን ላይ ይስተካከላል። ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት፤ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቢፈጅ፣ በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የሚተካው 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህን 8 አምፔር ብቻ እየሳበ በአራት ሰዓት ይሞላዋል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንዲጀምር በሰዓት ቢያስሩት ደግሞ የሠፈሩ ራት ማብሰያ ስለሚያበቃ ቮልቴጁ ይሻላል፣ ምጣዱና ስቶቩም ከመኪናው ጋር አይጋፉም። ምጣድ 16 አምፔር፣ ስቶቭ 9፣ መኪና 10 ሲደመሩ 35 አምፔር መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። ባትሪው ባዶ እስኪሆን ጠብቆ በአንድ ሌሊት ሞልቼ ልነሣ ከማለት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መተካት ለሶኬቱም ለባትሪውም ይስማማል።

ረጅም መንገድ የሚመጡት ደግሞ ሌላ ናቸው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ የደጀንን አቀበት የወጣ መኪና፣ ቁልቁለቱ ላይ ወደ ባትሪው ከመለሰው ኃይል የበለጠውን አቀበቱ ላይ አስረክቦ ነው የሚመጣው። ሹፌሩ ደብረ ማርቆስ ወይም ደምበጫ ዘመድ ቤት ያድርና፣ እንግዳ ተቀባዩም በደስታ ኤክስቴንሽኑን በመስኮት ያወጣለታል። በማያውቁት ቤት የሚሞሉ ሰዎች አምፔሩን ወደ 6 ወይም ወደ 8 አውርደው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስፒናውን በእጃቸው ዳስሰው ቢተኙ ለዘመዳቸው ቤት ተገቢውን አክብሮት ያደርጋሉ። ለብ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ እጅ አሳርፎ ማቆየት የማያስችል ከሆነ ግን በዚያው ማቆም ይገባል። ቢያቆሙትም በቅድሚያ ከመኪናው በኩል ያቁሙ፣ ከዚያ የመኪናውን ጫፍ፣ በመጨረሻ የግድግዳውን ይንቀሉ፤ እየሳበ ያለን ስፒና ከግድግዳ መንቀል ብልጭታ ይፈጥራል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ደግሞ ሶኬቱን ሳይነኩ ብሬከሩን መጣል ነው የሚቀድመው፤ ውኃም አይደፋበትም።

ክረምታችን ዝናብ የሚበዛበት፣ መብረቅም የማይጠፋበት ነው። የመኪናው መሰኪያ ራሱ ዝናብ እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ሲሆን ደካማው ጎን የግድግዳው ሶኬትና በመሬት ላይ የተጋደመው መገናኛ ነው፤ ሶኬቱ ክዳን ያለው ይሁን፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆርቆሮው ፍሳሽ በማይረጨው ቦታ ይመታ። መብረቅ ሲያጉረመርም ገመዱን መንቀል ያስፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ጥቂት ደቂቃ ታግሦ መሰካት ይሻላል።

የተከራይና የአከራይ ጉዳይም ሳይነሣ ማለፍ የለበትም። በአንድ ቆጣሪ አምስት ስድስት ቤተሰብ በሚጠቀምበት ግቢ ተከራዩ መኪና ገዝቶ ሲመጣ፣ አከራዩ ወይ ፈርቶ ይከለክላል ወይ ዐይቶ እንዳላየ ያልፋል። ሁለቱም ለማንም አይበጁም። የመብራት ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ወደ ላይ የሚወጣ ስለሆነ፣ የመኪናው ፍጆታ የጎረቤቶቹንም ሒሳብ ያንራል፤ ጠቡ ከዚያ ይጀምራል። ተከራዩ መስመሩን በራሱ ወጪ አስዘርግቶ፣ ትንሽ ቆጣሪ አስገብቶ፣ ሲለቅም መስመሩን ለአከራዩ ትቶ ቢሄድ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ይህን በወረቀት የተስማሙ ሰዎች አይቻለሁ፣ በሰላምም እየኖሩ ነው።

ከዚህ በላይ ያለው ግን በግለሰብ ብቻ የሚፈታ አይደለም። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ሆኖ ነው፤ ጣና በለስም በ2002 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 460 ሜጋዋት ይዞ መጥቷል። ጎጃም ከእነዚህ ጣቢያዎች ጋር በዓባይና በጣና የተሳሰረ ነው። ይህ ሁሉ ኃይል ተመንጭቶ፣ በትልልቅ ምሰሶዎች ተጉዞ ቆጣሪያችን ድረስ ከመጣ በኋላ፣ ከቆጣሪው ወዲህ ባለችው የ20 ሜትር ሽቦ ምክንያት ቤት ቢቃጠል ለማንም የማይገባ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ አሁንም መብራት ኃይል እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ መኪና ለገዛ ደንበኛው በአንድ ገጽ የተጻፈ ግልጽ መመሪያ በየወረዳው ማዕከል ቢያዘጋጅ፣ ጭነቱንም መዝግቦ የሠፈሩ ትራንስፎርመር መቻሉን ቢያይ መልካም ነው። ሻጮችም መኪናውን ከማስረከባቸው በፊት የገዢውን ቤት መስመር በባለሙያ ያስፈትሹ፤ ከመኪናው ጋር የሚሰጡት ገመድ ስፒናው ለአገራችን ሶኬት የሚሆን፣ መመሪያውም በአማርኛ የተጻፈ ይሁን። የከተማ አስተዳደሮች አዲስ ግንባታ ሲያጸድቁ፣ ከማከፋፈያው እስከ መኪና ማቆሚያው ባዶ ቱቦ እንዲቀበር በፕላኑ ላይ ቢጠይቁ፣ ለባለቤቱ ዛሬ ትንሽ ወጪ ነው፤ ግድግዳ ሰብሮ በኋላ ከመቅበር በብዙ ይቀላል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ደግሞ የመሬት ዘንግ መለካትንና የአር ሲ ዲ አመራረጥን በተግባር ሳያስፈትኑ የዝርጋታ ሠልጣኝ ባያስመርቁ እመኛለሁ።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ያለኝ ጥያቄ፣ ይህን ጉዳይ ይዛችሁ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎቱና ወደ ነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ቀርባችሁ፣ በቤት ውስጥ ለሚደረግ የመኪና መሙያ መስመር ተፈጻሚ የሚሆነው ደረጃ የትኛው እንደሆነ፣ የተሠራውንም ሥራ ማን መርምሮ ማረጋገጫ እንደሚሰጥ ጠይቃችሁ መልሱን በጋዜጣችሁ እንድታትሙልን ነው። በየቤቱ ስጠራ የማሳየው የታተመ ነገር ቢኖረኝ፣ ኒውትራሉን ከመሬቱ ጋር አገናኝልኝ ለሚለኝ ደንበኛ እምቢታዬን ለማስረዳት ይረዳኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ባለሙያ
ባሕር ዳር